ጥጥንና ቃጫን በማከም የውሃና የአቧራ ማጣሪያ አሠራር፦ ጅማ ላይ በሚገኙ ዕቃዎች

«ውሃውን ነጠላ አራት እጥፍ አድርጌ አጠለልኩት፤ ታዲያ ለምን አሁንም ቀይ ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ክረምት በገባ ቁጥር ይደርሰኛል። በጋ ሲመጣ ደግሞ «የቡና መጋዘኑ መስኮት ላይ ጨርቅ ወጥሬ ሳለ አቧራው በየት በኩል ገባ?» የሚለው ይተካዋል። ሁለቱም ጠያቂዎች ጨርቁን ይበልጥ ለማጠፍ ወይም ይበልጥ ጠባብ ሽመና ያለው ጨርቅ ለመግዛት ያስባሉ። መፍትሔው ግን የፋይበሩን (የጥጡን ወይም የቃጫውን ቀጭን ክር) ገጽ መለወጥ ነው፤ የሚከተለው መመሪያም ይህን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ምክንያቱን ካወቁ ደረጃዎቹን አይዘሉም። የጅማን ውሃ የሚያቀላው ሸክላ አፈር መጠኑ ከ2 ማይክሮ ሜትር (ከሚሊ ሜትር ሁለት ሺህኛ) በታች በሆኑ ቅንጣቶች የተሞላ ሲሆን፣ በነጠላው ክሮች መካከል ያለው ክፍተት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሰፋል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ ሳይነካ ያልፋል። ቢነካ እንኳ አይያዝም። ጥጥ በውሃ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አለው፤ ሸክላውም፣ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችም እንዲሁ አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። በሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ፍሬ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን አዎንታዊ ሙል አለው። ይህ ፕሮቲን በጥጡ ላይ ሲለበጥ ቀድሞ ይገፋ የነበረው ፋይበር ይስባል፤ ቅንጣቱ ከክፍተቱ በብዙ ቢያንስም ፋይበሩን ሲነካ ይጣበቃል።

አስቀድመው ይወቁ፦ በዚህ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ የጠራ ውሃ እንጂ ለመጠጥ የተዘጋጀ ውሃ አይደለም። ከተጣራ በኋላ መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት። ማጣራቱም ትርፍ ሥራ አይደለም፤ ደፍራሽ ውሃ ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ጀርሞቹም ከጭቃው ቅንጣት ጀርባ ይደበቃሉ፤ በዚህ ምክንያት በድፍርስ ውሃ ላይ የተጨመረ ክሎሪን ብዙ ጊዜ ሥራውን አይጨርስም።

ክፍል አንድ፦ የውሃ ማጣሪያ

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፍሬው የወጣለትና የተነደፈ ጥጥ (ባዘቶ)፣ 100 ግራም። የፋርማሲ ጥጥ ከተጠቀሙ ሰሙ አስቀድሞ ስለወጣለት ከደረጃ 2 እስከ 4 ያለውን ይዝለሉ።
- ደርቆ የበሰለ የሽፈራው ፍሬ፤ ከተላጠና ከተወቀጠ በኋላ 40 ግራም የሚሆን።
- ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ 30 ግራም። ካጡ በደንብ የተጠለለ ወፍራም የአመድ ውሃ ይጠቀሙ።
- አቼቶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ።
- የብረት ወይም የኢናሜል ድስት፣ ሙቀጫ፣ ወንፊት፣ የላስቲክ ጓንት።
- ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ከነክዳኑ፣ አንድ ክንድ ያህል አቡጀዲ፣ ሁለት ንጹሕ ባልዲ።

ሽፈራው በጅማ ገበያ በብዛት የሚገኘው በቅጠል ዱቄት መልክ ነው። ቅጠሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚፈለገው ፕሮቲን ያለው በፍሬው ውስጥ ነው። ከኮንሶና ከአርባ ምንጭ አካባቢ የሚመጣውም ሆነ በተለምዶ ሞሪንጋ የሚባለው የውጭ ዝርያ ፍሬ ያገለግላል፤ ዋናው ፍሬው በዛፉ ላይ እስኪደርቅ የቆየ መሆኑ ነው። እሸቱ ፍሬ ደካማ ነው።

አሠራር

1. ጥጡ ንጹሕ ጥጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ጥቂት ፋይበር ጠምዝዘው በክብሪት ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነኩት የሚበንን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሰው ሠራሽ ፋይበር ግን እየቀለጠ ይሸበሸብና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ጠብታ ካዩ ያንን ዕቃ ይተዉት፤ ከዚህ በታች ያለው ሕክምና የተመጠነው ለጥጥ ነው።

2. ጥጡን በሶዳ ይቀቅሉ። 3 ሊትር ውሃ ውስጥ 30 ግራም ሶዳ አሽ አሟሙተው ጥጡን ይክተቱበትና አንድ ሰዓት ተኩል ያፍሉት። ጥሬ ጥጥ በተፈጥሮው በስስ ሰም የተሸፈነ በመሆኑ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰሙ ሳይወጣ ፕሮቲኑ ፋይበሩን አያገኘውም። አንዳንድ መመሪያዎች አንድ ሰዓት ይበቃል ይላሉ። ጅማ ላይ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ባለን ከፍታ ምክንያት ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ጊዜውን ማራዘም ይሻላል። ውሃው እየቆየ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል፤ ይህ ቆሻሻውና ሰሙ እየወጣ የመሆኑ ምልክት ነው።

   ማስጠንቀቂያ፦ የአሉሚኒየም ድስት አይጠቀሙ። ሶዳም ሆነ የአመድ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ድስቱ ይጠቁራል፣ የሟሟው አሉሚኒየምም ጥጡ ውስጥ ይቀራል። ጓንት ያድርጉ፤ ፍል ሶዳ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ስለሆነ ሕፃናትን ከአካባቢው ያርቁ።

3. አለቅልቀው የሶዳውን ርዝራዥ በአቼቶ ያስወግዱ። ጥጡን በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፤ ከዚያም ሁለት ማንኪያ አቼቶ በ3 ሊትር ውሃ ውስጥ በጥብጠው ለአምስት ደቂቃ ይዘፍዝፉትና እንደገና ያለቅልቁ። የሽፈራው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙሉን የሚያጣው ሶዳ በበዛበት ውሃ ውስጥ ነው። በጣቶችዎ መካከል ሲያሹት የሚያሟልጭ ከሆነ ሶዳው አልወጣም ማለት ነው።

4. የጠብታ ፈተና ያድርጉ። ከጥጡ ጥቂት ቆንጥረው ካደረቁ በኋላ አንድ የውሃ ጠብታ ጣል ያድርጉበት። ጠብታው በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከሰመጠ ጥጡ ዝግጁ ነው። እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ይህን ፈተና የሚዘሉ ሰዎች ናቸው በመጨረሻ «ሽፈራው አይሠራም» የሚሉኝ።

5. የሽፈራውን ፍሬ ያዘጋጁ። ውጫዊውን ቅርፊት ልጠው ነጩን ፍሬ ብቻ ይውሰዱ፤ የጠቆረውን ወይም የሻገተውን ይጣሉ። በሙቀጫ በደንብ ወቅጠው በወንፊት ይንፉት። ፍሬው ብዙ ዘይት ስላለው ዱቄቱን በወፍራም ወረቀት ጠቅልለው ከባድ ድንጋይ ቢጭኑበትና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቢቀይሩ ብዙው ዘይት ይወጣል። በጥጡ ላይ የሚቀር ዘይት በሶዳ ያወጡትን ሰም እንደመተካት ነው።

6. ዱቄቱን በውሃ ይበጥብጡ። 40 ግራም ዱቄት በ2 ሊትር ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምረው ለግማሽ ሰዓት ያማስሉ፤ ከዚያ በአቡጀዲ ሁለት ጊዜ ያጥሉት። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያገኛሉ፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት በማንኪያ ይግፈፉ። ጨው አይጨምሩ። ጨው ያለበት ውሃ ከፍሬው የበለጠ ፕሮቲን እንደሚያወጣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ጨው በፕሮቲኑና በጥጡ መካከል ያለውን መሳሳብ ስለሚያዳክም ለልባጩ ይጎዳል። ፈሳሹ በቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ ይጠቀሙበት።

7. ጥጡን ይዘፍዝፉ። እርጥቡን ጥጥ በፈሳሹ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉና በየአሥር ደቂቃው እያገላበጡ በቀስታ ይጫኑት። መገላበጡ ግድ ነው፤ የተጨበጠ ጥጥ ውጩ ብቻ ተለብጦ ውስጡ ባዶ ይቀራል።

8. ያለቅልቁ፤ አሁንም ያለቅልቁ። ጥጡን ጨምቀው በንጹሕ ውሃ ቢያንስ አራት ጊዜ ያለቅልቁ። የመጀመሪያው እጣቢ ነጭ ይሆናል፤ ሲጨርሱ ግን ጥርት ያለና አረፋ የሌለው መሆን አለበት። በሙል የተያዘው ፕሮቲን በንጹሕ ውሃ በቀላሉ አይለቅም፤ የሚለቀው ያልተያዘው ትርፍ ነው፤ መልቀቁም የሚፈለግ ነው። ያ ትርፍ በውሃው ውስጥ ከቀረ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል፣ ክሎሪንም ይበላል፣ ውሃውም በማግስቱ ይሸታል። የተወቀጠ ሽፈራው በቀጥታ ጀሪካን ውስጥ ሲበጠበጥ የሚፈጠረው ችግር ይኸው ነው፤ ጥጡን የምንለብጠውም ጥራቱን ወስደን ትርፉን ለመጣል ነው።

9. ልባጩን ይፈትኑ። አንድ ማንኪያ ቀይ አፈር በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ለአንድ ሰዓት ያስቀምጡ፤ ከላይ ያለውን ያልዘቀጠ ቀይ ውሃ ለሁለት ትንንሽ ሃይላንድ እኩል ያካፍሉ። በአንዱ ውስጥ የተለበጠ፣ በሌላው ውስጥ ያልተለበጠ እኩል ቁንጥር ጥጥ ጨምረው ሁለቱንም ለአምስት ደቂቃ ይናጡ። የተለበጠው ያለበት ውሃ ጎልቶ መጥራት፣ ጥጡም ራሱ መቅላት አለበት። ሁለቱ ጠርሙሶች ተመሳሳይ ከሆኑ ፍሬው አርጅቷል ወይም ሶዳው በደንብ አልታጠበም።

10. ማጣሪያውን ይገጣጥሙ። የባለ 2 ሊትሩን ሃይላንድ ቂጥ ቆርጠው ይዘቅዝቁት፤ ክዳኑን በጋለ ምስማር አምስት ቦታ ይብሱ። ከታች ድርብ አቡጀዲ ያንጥፉ፤ ከላዩ ጥጡን በስስ በስሱ እየዘረጉና እያንዳንዱን ንብርብር በጣት እየጫኑ እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይሙሉ። በተለይ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር የሚገናኘውን ዳር አጥብቀው ይጫኑ፤ ውሃ አቋራጭ ይወዳል፤ በግድግዳው በኩል ጠባብ መንገድ ካገኘ ጥጡን ትቶ በዚያ ይወርዳል። ከላይ የተበሳሳ የላስቲክ ክዳን ያስቀምጡ፤ ውሃ ሲጨመር ጥጡን እንዳይሰረስረው ይከላከላል።

11. ያጣሩ። ውሃውን አስቀድመው በጀሪካን ውስጥ ሌሊቱን ያሳድሩትና ዝቃጩን ሳይነቀንቁ ከላይ ያለውን ይቅዱ። አሸዋውና ደለሉ በነጻ የሚዘቅጥ ሆኖ ሳለ የጥጡን አቅም በእሱ ላይ መጨረስ ብክነት ነው። ጥሩ ፍጥነት የሚባለው አንድ ሊትር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲወስድ ነው። ከአምስት ደቂቃ በታች ከወረደ ጥጡ ላልቷል፤ ቅንጣቶቹ ፋይበሩን ለመንካት ጊዜ አያገኙም። የመጀመሪያውን አንድ ሊትር ይድፉት።

12. ከተጣራ በኋላ ያክሙት። ውሃ አጋርን ወይም ሌላ የመጠጥ ውሃ ክሎሪን በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ወይም ውሃውን ያፍሉት። ሲያፈሉ እስኪንተከተክ ጠብቀው ለሦስት ደቂቃ ያህል ቢያቆዩት በእኛ ከፍታ በቂ ነው።

መቼ ይቀየራል? ስንት ሊትር እንደሚያጣራ አንድ ቁጥር ንገረን የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በሐምሌ ከአዌቱ ወንዝ የተቀዳ ውሃና በጥር ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ጥጡን እኩል አያደክሙትም። ጠርሙሱ ግልጽ መሆኑ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ቅላቱ ከላይ ወደ ታች ንብርብር በንብርብር ሲወርድ በግድግዳው በኩል ይታይዎታል፤ ከጥጡ ከፍታ ሁለት ሦስተኛው ሲቀላ ይቀይሩ። ከዚህ በተጨማሪ ጥጡ እርጥብ ሆኖ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ወይም ከሸተተ፣ ባይቀላም ይቀየር፤ ፕሮቲን ነውና ይበሰብሳል።

የቀላውን ጥጥ በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና በደንብ ካጠቡት ጭቃውም ፕሮቲኑም አብረው ይወጣሉ። ሳሙናው እስኪጠፋ አለቅልቀው ከደረጃ 5 ጀምረው እንደገና ይለብጡት። ፋይበሩ መበጣጠስ ሲጀምር ግን ይጣሉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

- የሽፈራውን ፈሳሽ ማፍላት። ጥቅም የለውም፤ ትርፍ ነገር ስለሚያወጣ ማለቅለቁን ያከብዳል።
- የተለበጠውን ጥጥ «ይበልጥ ንጹሕ እንዲሆን» በኦሞ ማጠብ። ልባጩ በሙሉ ይሄዳል።
- ፍሰቱ ሲዘገይ ጥጡን ከላይ መጭመቅ። የተያዘው ጭቃ ተገፍቶ ወደ ተጣራው ውሃ ይገባል።
- ከእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ በታች የተቀዳ ውሃ ማጣራት። በለቀማ ወቅት ከጣቢያ የሚለቀቀው ፍሳሽ በሟሟ ተረፈ ምርት የተሞላ ነው፤ ይህም የጥጡን አዎንታዊ ሙል በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የሟሟውን ራሱን ማጣሪያው አያስቀረውም። ፀረ ተባይ ኬሚካልንና ናይትሬትንም አያስቀርም። በዚያ ወቅት ከጣቢያው በላይ ወይም ከምንጭ ይቅዱ።

ክፍል ሁለት፦ ለመጋዘን መስኮት የአቧራ ማጣሪያ

እዚህ ላይ ሽፈራው አያስፈልግም። በአየር ውስጥ የሚበር የቡና ገለፈትና የመንገድ አቧራ ትልልቅ ቅንጣት ስለሆነ ከፋይበሩ ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ ችግሩ ደረቅ ፋይበር ላይ ነጥሮ መመለሱ ወይም ቀጥሎ በሚመጣው ነፋስ መበተኑ ነው። ስለዚህ ፋይበሩን የምንለውጠው ገጹን የሚያጣብቅ በማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ 300 ግራም ቃጫ (የእንሰት ወይም የሲሳል)፣ 60 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ፓራፊን ወይም ግሊሰሪን (ሁለቱም ፋርማሲ ይገኛሉ)፣ መርጫ ጠርሙስ፣ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍሬም፣ ለሁለቱም ፊት የሚሆን የሽቦ ወንፊት።

1. ቃጫውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። ያልታጠበ ቃጫ የራሱን ብናኝ ስለሚያራግፍ አቧራ ለመያዝ የተሰቀለው ራሱ አቧራ ይሆናል።

2. በጣት ፈልቅቀው ያሳብጡትና በፍሬሙ ውስጥ እኩል ያሰራጩ። ወደ ብርሃን አንሥተው ሲያዩት አንድም ቦታ ላይ ግልጽ ቀዳዳ መታየት የለበትም።

3. ፓራፊኑን ከሁለቱም ፊት በስሱ ይርጩ። ግሊሰሪን ከሆነ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለው ይርጩ፤ ውሃው ሲተን ግሊሰሪኑ ይቀራል። በክረምት ፓራፊን ይሻላል፤ ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በጅማ ዝናብ ወራት ይንጠባጠባል።

4. ለአንድ ቀን አቁመው ያንጠፍጥፉት። በጣት ሲነኩት የሚጣበቅ እንጂ የሚያረጥብ መሆን የለበትም። ዘይት የሞላበት ቃጫ የአየሩን መንገድ ይዘጋል።

5. አየር በሚገባበት መስኮት ላይ ይግጠሙትና ዳርና ዳሩን በጨርቅ ይድፈኑ። ማራገቢያ ካለ ከማጣሪያው ቢያንስ አራት ጣት ያህል ያርቁት። አቧራው በዝቶ አየሩ ሲደክም በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ እንደገና ይርጩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ፈጽሞ አይጠቀሙ። እነዚህ ዘይቶች ከአየር ጋር ሲገናኙ እየደረቁ ሙቀት ይፈጥራሉ፤ በፋይበር ላይ በስሱ ተዘርግተው በተከመሩበት ቦታ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካቸው በራሳቸው ሊነዱ ይችላሉ። «ዘይት ዘይት ነው፤ ቤት ያለው ይበቃል» የሚል ሠራተኛ ካለ ይህን አንቀጽ ያንብቡለት። ፓራፊን በራሱ ባይነሣም የሚቀጣጠል ነገር ነውና ማጣሪያውን ከምድጃና ከመበየጃ ያርቁ።

ይህ ማጣሪያ ለጭስ አይሆንም። የእንጨት ጭስ ቅንጣት በጣም ረቂቅ በመሆኑ ከአየሩ ጋር በቃጫው ዙሪያ ዞሮ ያልፋል፤ ለማድ ቤት የሚበጀው ጭስ ማውጫና ትይዩ የተከፈተ መስኮት ነው። ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝማ ምንም ዓይነት ፋይበር አያስቀረውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል እያነደዱ ማጣሪያ መስቀል ሰውን ማዘናጋት ነው።

በመጋዘኑ ውስጥ ቡና የሚያበጥሩ ሰዎች ማጣሪያው ቢኖርም ማስክ ማድረግ አለባቸው። ረቂቅ ብናኝ የሚይዘው ማስክ የሚሠራው በፋብሪካ ፋይበሩ ላይ በተቀመጠ ሙል ስለሆነ በሳሙና ወይም በአልኮል አይታጠብ፤ መልኩ አዲስ ይመስላል፣ የፋይበሩ ሙል ግን ጠፍቷል። ላብ የነካውን ማስክ በጥላ ሰቅለው ያድርቁ፤ ሲቆሽሽ ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር በአዲስ ይተኩ።